ከዓይኔ ቆብ ሥር የነበረው የመስታወት ክር

የመታኝን ሰው ፊት አላየሁትም። ያየሁት ጫማውን ነው፤ ተረከዙ ላይ ተቀዶ በሽቦ የተሰፋ ጥቁር ኮንጎ ጫማ። ከዚያ በኋላ ዓይንህን ምን ነካህ ላለኝ ሁሉ በሰደፍ ተመትቼ ነው እያልኩ ኖርኩ። የጤና ባለሙያዎቹ አመኑኝ፣ ሚስቴ አመነችኝ፣ እኔም ራሴን አመንኩት። ውሸት አልነበረም፤ መመታቱን ተመትቻለሁ። ቀኝ ዓይኔን ሊያጠፋው የነበረው ነገር ግን ሌላ ነበር፤ እሱን እስክናውቅ ድረስ የሰው ሕይወት ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። ፋይበር የምትዘረጉ፣ የምትቀጥሉ፣ ጉድጓድ የምትቆፍሩ ሁሉ እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ምናለ እባላለሁ። የሳንጃ ልጅ ነኝ፤ ትዳሬና ቤቴ ሸሕዲ ነው። ሥራዬ የተበጠሰ የፋይበር መስመር መቀጠል ነው። ለማያውቀው ሰው፣ ፋይበር ማለት ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ነው። ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም፣ ባንኩም በዚያ ክር ውስጥ በብርሃን ይሄዳል። ሲበጠስ ሁለቱን ጫፍ እንልጣለን፣ በአልኮል እንጠርጋለን፣ በመቁረጫ እናስተካክላለን፣ ከዚያ በማሽን ብልጭታ አቅልጠን አንድ እናደርጋቸዋለን። በተቆረጠ ቁጥር ታዲያ ትንሽ ስባሪ ይወድቃል። ስባሪው ቀለም የለውም። መሬት ላይ አይታይም፣ ልብስ ላይ ቢያርፍ አይከብድም። ቆዳ ከወጋ ግን ገብቶ እዚያው ይሰበራል። ለዚህ ነው መነጽር የምናደርገው፣ ስባሪውን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ጠርሙስ የምንጥለው፣ ከሥር ጥቁር ምንጣፍ የምናነጥፈው። እኔ ይህን ሁሉ አደርግ ነበር። ያን ቀንም አድርጌ ነበር።

አብሮኝ የሚሠራው ኢብራሂም ይባላል። የመተማ ዮሐንስ ነጋዴ ልጅ ነው፤ መኪና ይነዳል፣ ይቆፍራል፣ ከሱዳን ተሻግረው ከሚመጡት ጋር በአረብኛ ይግባባል። ያን ሰሞን የመተማ መንገድ ላይ ተኩስ ሰንብቶ ነበር። ተኩሱ ሲበርድ መስመሩ ሞቶ ተገኘ። መተማ ያለ ስልክና ያለ ባንክ ቀረች፤ አምቡላንስ የሚጠራበት ስለጠፋ ቁስለኛ በትራክተር ተጎታች ይጫን ጀመር። መንገዱ ተከፍቷል ሲባል እኔና ኢብራሂም ወጣን።

የተበጠሰበትን ቦታ ያገኘነው በተቃጠለ የጭነት መኪና አጠገብ ነው። ጎማው ገና ይጨሳል። የመኪናው ሰዎች ምን እንደሆኑ ከመንገዱ ዳር ካለው ሽታ ገባን፤ አልጠጋንም። ኢብራሂም ቆፍሮ ያልተቃጠለውን ጫፍ አወጣልኝ። መነጽሬን አድርጌ፣ ምንጣፌን ዘርግቼ መቀጠል ጀመርኩ። ከክሮቹ ገሚሱን እንደጨረስኩ ከኋላችን ያለው የማሽላ እርሻ ተንኮሻኮሸ።

መሣሪያ የያዙ ሰዎች ነበሩ። የየትኛው ወገን እንደሆኑ ዛሬም አላውቅም፤ ግምቴን ደግሞ እዚህ አልጽፍም። አንዱ ከኋላዬ በኮሌታዬ ይዞ ከመቀመጫዬ ነቀለኝና ለማን ነው የምትሰልለው አለኝ። መስመር የምቀጥል ሠራተኛ ነኝ አልኩት። መስመሩ የማን ነው አለኝ። የሁሉም ነው አልኩ። መልሱን አልወደደውም። ሰደፉ ጉንጬን ሲያገኘው መነጽሬ ተፈናጥሮ ሄደ፤ እኔ በፊቴ ምንጣፉ ላይ ተደፋሁ። ማጅራቴን ረግጦ ፊቴን ከምንጣፉ ጋር አሸው። ከጆሮዬ አጠገብ ፕላስቲክ ነገር በእግር ሲደቅቅ ሰማሁ። ምን እንደሆነ የማስብበት ጊዜ አልነበረም፤ አፌ በደም ተሞልቶ ነበር።

ኢብራሂም እጁን ዘርግቶ ሊለምናቸው ቀረበ። የዘረጋውን እጅ በሰደፍ መቱት። አጥንቱ ሲሰበር የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ወዲያው ከአስፋልቱ በኩል ተኩስ ተከፈተ። ከታጣቂዎቹ አንዱ ልጅ አንገቱን ተመትቶ በማሽኔ ላይ ወደቀ። ደሙ ማሽኑን ሸፍኖ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ፤ በሁለት እጁ አንገቱን ይዞ የሆነ ነገር ሊናገር እየሞከረ ነበር። ጓደኞቹ ጥለውት ወደ ማሽላው ሮጡ። እኛ ወደ መኪናው ተሳብን። ኢብራሂም በአንድ እጁ ነዳ። እኔ ደሙንና አቧራውን ከዓይኔ ለማውጣት እስከ ሸሕዲ ድረስ በእጅጌዬ ስፈትግ ሄድኩ። ይህን ልብ በሉልኝ።

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይኔ አብጦ ተደፍኖ ስለነበር ከጉንጬ ሕመም የዓይኔን መለየት አልቻልኩም። እብጠቱ ሲጎድልና ዓይኔ ሲከፈት ግን ሌላ ነገር መጣ። ባርገበገብኩ ቁጥር ስለት የሚጭረኝ ይመስለኛል። እንባዬ አይቆምም፤ የቆላው ፀሐይ ይቅርና ከበር ሥር የሚገባው ብርሃን ያስጮኸኛል። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያየኝ ባለሙያ የበለዘውን ጉንጬን ዳሰሰ፣ አጥንቱ አለመሰበሩን አረጋገጠ፣ ምቱ ነው፣ ይሽራል ብሎ ማስታገሻ ሰጠኝ። አልፈርድበትም። ያን ዕለት ደጃፉ ላይ በጥይት ሆዳቸው የተቀደደ ሰዎች ተኝተው ነበር።

ባሰብኝ። የግል ክሊኒክ ሄድኩ፤ ወቅቱ የሰሊጥ አጨዳ ስለነበር ምቱ ላይ አቧራ ገብቶበት ነው ብለው ቅባት ሰጡኝ። የጎረቤት ሴቶች የጡት ወተት ጨምርበት አሉ፤ ጨመርኩ። በመጨረሻ ከመድኃኒት መደብር ያለ ትእዛዝ ጠብታ ገዛሁ። የዚያ ጠብታ ነገር ይገርማል። ለጥቂት ቀናት ሕመሙ ተቆረጠልኝ፤ እንቅልፍ ተኛሁ፣ ምግብ በላሁ። እብጠትና ቅላት የሚያበርድ መድኃኒት ነው፤ የተጫረ ዓይን ላይ ሲጨመር ግን ቁስሉን ዝም አሰኝቶ ውስጥ ውስጡን ያሰፋዋል። እኔ ዳንኩ ብዬ ስደሰት ዓይኔ እየበሰበሰ ነበር። አንድ ቀን ሚስቴ ብርቱካን ፊቴን ስታጥበኝ እጇ ቆመ። ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ወጥቷል አለችኝ። በቀኝ ዓይኔ አየኋት፤ ጥላዋን እንጂ ፊቷን አላየሁም።

ሕመሙ ሲመለስ ሰው አልነበርኩም። ብርቱካን ያቀረበችልኝን ሳህን ከግድግዳ ጋር አላተምኩ። ልጄ ስታለቅስ ድምፅዋ ጭንቅላቴን ሲሰነጥቀው ከቤት አውጧት ብዬ ጮህኩ። ልጅቷ ከዚያ በኋላ በሩን ከፍታ አይታኝ ትመለሳለች እንጂ አትጠጋኝም ነበር። ሲመሽ ሌላው ዓይኔም እንዳይጠፋ እፈራ ነበር። አንድ እጄን በግራ ዓይኔ ፊት እያወዛወዝኩ ጣቶቼን አያለሁ።

የብርቱካን ወንድም አዳነ በሽንፋ በኩል ሰሊጥ የሚያርስ፣ ጠመንጃ ከትከሻው የማይወርድ ሰው ነው። ዓይኔ መጥፋቱን ሲሰማ ተነስቶ ሄደ። ሲመለስ ሰውየውን አግኝቸዋለሁ አለ። በአንድ መንደር ያን ቀን ከታጣቂዎቹ ጋር ሲሄድ የታየ፣ ጫማውም እንዳልኩት የሆነ ሰው አለ ብለውታል። ጥይቱን እያጎረሰ ነበር የሚያወራን። እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ዝም አልኩ። በዚያ ሕመም ውስጥ ሆኜ የዚያ ሰው ደም ቢፈስ ሕመሜን የሚያስታግሰው ይመስለኝ ነበር።

ብርቱካን በሩ ላይ ቆመች። አዳነ ገፋት፤ ከመቃኑ ጋር ተላትማ ግንባሯ ፈነዳ። ተነስታ መልሳ ቆመች፤ ደሙ በቅንድቧ ላይ ይወርዳል።

«ብትገድለው የሱ ወንድም መጥቶ አንተን ይገድላል» አለችው። «እኔ ዕውር ባልና የሞተ ወንድም ታቅፌ ልቀር ነው? ወንድ ከሆንክ ጎንደር አድርስልኝ። ዓይኑ ይታይ። ከዚያ በኋላ እንደ ፈቃድህ።»

አዳነ የግንባሯን ደም አየና ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። እንደተወው አልነገረንም። ጎንደር እወስደዋለሁ፣ ስመለስ ሥራዬን እጨርሳለሁ አለ።

በነጋታው ልጃችንን ለጎረቤት ትተን እኔ፣ ብርቱካንና አዳነ ሚኒባስ ተሳፈርን። ስለ ወጪው አላወራም፤ ያን መንገድ ታሞ የሄደ ያውቀዋል። ኮረብታው ሲጀምር መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ አገኘን። ሾፌሩ ሊዞር ሲል ተኮሱብን። የኋላው መስታወት ረገፈ፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ የቀን ሠራተኛ ሰውዬ ትከሻውን ተመታ። አዳነ እኔን ወለሉ ላይ ጥሎ በላዬ ተኛብኝ። የሚረግፈው መስታወት ጀርባው ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። ሾፌሩ በድንጋዩ ጎን በሜዳው ቆርጦ አለፈ። የተመታው ሰውዬ ጎንደር እስክንገባ ድረስ አልሞተም፤ አዳነ ነጠላውን ቁስሉ ላይ ተጭኖ ይዞለት ነበር።

ሆስፒታሉ የኛን አገር ሰው ሁሉ የሰበሰበ ይመስል ነበር። ኮሪደሩ ላይ ወለሉ ላይ የተኙ ቁስለኞች፣ ዶክተር አምጡ እያሉ ነርስ ላይ የሚያፈጡ ወንድሞች፣ አንዱ አንዱን ገፍቶ የተጀመረ ድብድብ። ጥበቃዎቹ ሁለት ሰው እየጎተቱ ሲያወጡ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ዓይኔን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜአለሁ። ዓይን ማን ያስበዋል? ከጎኔ አንዲት ሴትዮ ተቀምጠው ነበር፤ የአርማጭሆ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ውስጥ ቀዶ ጥገና ላይ ነው። ብርሃኑ እንደሚያሠቃየኝ ሲያዩ አንሶላቸውን በራሴ ላይ ጣል አደረጉልኝና ቦታቸውን ለቀቁልኝ።

«እናት፣ እርስዎ ይቀመጡ እንጂ» አልኳቸው።

«እኔስ መቀመጥ አቃተኝ ልጄ» አሉኝ።

ጥቂት ቆይቶ ስማቸው ተጠራ። ገቡ። ሲወጡ አላለቀሱም። አንሶላውን ልመልስላቸው ስል እጄን ይዘው ይሁንልህ አሉኝ። ልጃቸውን የሚሸፍኑበት ሌላ ተሰጥቷቸው ነበር።

የዓይን ክፍሉ ተራ የደረሰኝ በማግስቱ ነው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ንግግሯ የጎጃም ለዛ አለው። ፊቴን አይታ ማን መታህ አላለችኝም። ዓይኔ ላይ ብርቱካንማ ቀለም ጠብ አድርጋ በሰማያዊ መብራት ስታየኝ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀችኝ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

ከተመታሁበት ቀን ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ነገርኳት። ፋይበር መስታወት አይደለም ወይ አለች። ነው አልኳት። ያኔ የዓይኔን የፊት መስታወት የሚመስለውን ሽፋን በሥዕል እያሳየች አስረዳችኝ። በላዩ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ፣ ጎን ለጎን የተሰመሩ ጭረቶች አሉ። እንዲህ ያለውን ጭረት ምት አያመጣውም፤ ከላይኛው ቆብ ሥር የተሰካ ነገር ነው፣ ባርገበገብክ ቁጥር እንደ ምላጭ የሚወርድ አለች። ማደንዘዣ ጨምራ ቆቤን በእንጨት ጫፍ ገለበጠችው። መጀመሪያ ምንም አላየችም። መብራቱን ከጎን ስታደርገው አንድ ጊዜ ብልጭ አለ። በመቆንጠጫ ይዛ ስትስበው ከሥጋዬ ውስጥ ሲወጣ ተሰማኝ። በጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጣ በማጉያ አሳየችን። ከጥፍር ጥቁረት የማትረዝም የመስታወት ክር ናት።

ያኔ ነው ከጆሮዬ አጠገብ በእግር የደቀቀው ፕላስቲክ ምን እንደነበረ የገባኝ። የስባሪው ጠርሙስ ነው። ፊቴ የታሸው በምንጣፍ ሳይሆን በተበተነው መስታወት ላይ ነበር፤ እኔ ደግሞ በእጅጌዬ እየፈተግኩ ይበልጥ አስገባሁት። ዓይኔ ያን ዕለት በንጹሕ ውኃ ብዙ ቢታጠብ፣ ቆቤ ቢገለበጥ፣ በዚያው ያበቃ ነበር።

አዳነ ማጉያው ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየ።

«ለዚች ነው ሰው ልገድል የነበረው?» አለ።

ሐኪሟ ምን እንደሚያወራ አልገባትም። እኔ ገባኝ። የመታኝ ሰው ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጫማው ማጅራቴ ላይ ባያርፍ ክሩ ዓይኔ ባልገባ ነበር። ነገር ግን አዳነ ያገኘው ሰው ያ ሰው ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ አናውቅም። በቆላ በሽቦ የተሰፋ ኮንጎ ጫማ የሚያደርግ ስንት ሰው አለ? አዳነ ወደ ሽንፋ ሲመለስ ወደዚያ መንደር አልሄደም። ያ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሞት ከደጁ መመለሱን አያውቅም።

ክሩ ወጣ ማለት ዳንኩ ማለት አልነበረም። ቁስሉ ሻጋታ ይዞት ነበር። ተኝቼ በየሰዓቱ ጠብታ ይጨመርልኝ ጀመር፤ ጠብታው እሳት ነው። ብርቱካን ከአልጋዬ ሥር ወለሉ ላይ እየተኛች ትጨምርልኛለች። አንዳንዴ እጇን ጠምዝዤ አስጥላት ነበር፤ እሷ ጠርሙሱን አንስታ ጉልበቷን ደረቴ ላይ አድርጋ ትጨምርልኛለች። ዓይኑ ሊፈነዳ ይችላል ተብለን በፍርሃት የሰነበትንበት ሳምንት ነበር። ከዚያ ነጩ ነጥብ መስፋቱን አቆመ። ቀስ በቀስ ጠባሳ ሆነ። አሁን በቀኝ ዓይኔ የማየው በጭጋግ ውስጥ ነው፤ ሰው መሆኑን እለያለሁ፣ ማን መሆኑን ግን አልለይም። ልጄ ከተመለስኩ በኋላ ለመጠጋት ጊዜ ወስዶባታል። አንድ ቀን ጭኔ ላይ ወጥታ ዓይኔን አፍጥጣ አየችና ደመና አለበት አለችኝ።

ወደ ሥራ የተመለስኩት የኢብራሂም እጅ ከገጠመ በኋላ ነው። ክንዱ ጠማማ ሆኖ ቀርቷል፤ ግን ይነዳል፣ ይቆፍራል። ዋናውን መስመር እኛ ተኝተን ሳለ ሌሎች ቀጥለውታል። የእኔ የመጀመሪያ ሥራ ወደ ሽንፋ በሚወስደው በኩል ትራክተር ያረሰው ኬብል ሆነ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። መነጽሬን አደረግኩ፣ ለኢብራሂምም አስደረግኩት። ውኃ የሞላ ጀሪካን አጠገቤ አስቀመጥኩ። እያንዳንዱን ስባሪ በፕላስተር እየለቀምኩ ወደ ጠርሙሱ አስገባለሁ፤ ጠርሙሱ አሁን ወፍራም ብረት ነው። በግራ ዓይኔ ብቻ ስለማይ ሥራው ይጓተታል። ኢብራሂም አልቸኮለም።

መጨረሻው ላይ በወንዙ በኩል ተኩስ ተሰማ። አንድ ጥይት፣ ከዚያ ብዙ። ኢብራሂም ኸላስ፣ በቃ፣ እንሂድ ብሎ ምንጣፉን ሊጠቀልል ጎንበስ አለ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገብቶበት መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገና በእጅጌው ሊጠርግ ክንዱን አነሳ። እጅጌው ላይ አንድ ነገር በፀሐዩ ብልጭ አለ።

ለመናገር ጊዜ አልነበረም። ዘልዬ ያቺን የተሰበረች ክንዱን ያዝኩና ጠምዝዤ መሬት ላይ ጣልኩት። ጮኸ። ተመትቻለሁ ወይም ይህ ሰው አብዷል ብሎ ይሆናል፣ በሌላው እጁ አፌን መታኝ፤ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። አለቀቅኩትም። በላዩ ላይ ተቀምጬ፣ ክንዱን በጉልበቴ ጨቁኜ፣ ተኩሱ እየቀረበ፣ በጥርሴ ፕላስተር ቆርጬ እጅጌው ላይ ለጠፍኩት። ሳነሳው ክሩ ተጣብቆበት ወጣ። ከደም ጋር ምራቄን ተፍቼ ፕላስተሩን ፊቱ አጠገብ ያዝኩለት።

ኢብራሂም መሬቱ ላይ እንደተንጋለለ አየው። ከዚያ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ መለሰ።

«ሌላ አለ እንደሆነ እይልኝ» አለኝና ሁለቱንም እጆቹን ዘረጋልኝ።